ሞትን ቀርቦ ያየው ደራሲ ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ

ሞት ለአዳም ልጅ ሁሉ የማይቀር ዕዳ ስለ ሆነ፥ ስለ ሞት ሳይጽፍ ያለፈ ታላቅ ደራሲ በየትም አገር አይገኝም ለማለት ይቻላል። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ጀግናውን አኪሌስን በሙታን አገር ጥላ ሆኖ ያሳየናል፤ ያ ጀግናም በሙታን ሁሉ ላይ ከመንገሥ ይልቅ በምድር ላይ የአንድ ድኻ ሰው ቅጥረኛ ሆኖ መኖርን ይመርጣል። ፕላቶን ደግሞ የመምህሩን የሶቅራጥስን አሟሟት ሲተርክ፥ ፈላስፋው የመርዙን ጽዋ ያለ ድንጋጤ እንደ ጠጣ ይጽፋል። ለፊተኛው ሞት ተስፋ የሌለው ጨለማ ነው፤ ለሁለተኛው ነፍስ ከሥጋ እስራት የምትፈታበት በር ነው። የሥጋን ትንሣኤ ግን ሁለቱም አላወቁም። ክርስቲያን ደራሲ ስለ ሞት ሲጽፍ ከእነዚህ የሚበልጥ ሸክም አለበት፤ ይኸውም የሞትን መራራነት ሳይሸሽግ የትንሣኤን ተስፋ መግለጽ ነው። ይህን ሸክም ከተሸከሙት አንዱ ሩስያዊው ፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ለአንባብያን ባጭሩ ልናቀርብ ወደናል። ዓመታቱና ቀኖቹ በዘመኑ በሩስያ ይሠራበት በነበረው በአሮጌው የአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዶስቶየቭስኪ በ1821 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለድኾች በተሠራ ሆስፒታል ሐኪም ስለ ነበረ፥ ልጁ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አደገ። እናቱ በ1837 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች፤ ሁለት ዓመት ቈይቶ አባቱ ተከተላት። ወጣቱ በፒተርስቡርግ በጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ የመኰንንነቱን ሥራ ትቶ ወደ ድርሰት አዘነበለ፤ በ1846 ዓ.ም. በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱም ስሙ ወዲያው ታወቀ።

ነገር ግን ክብሩ ሳይሰነብት መከራ መጣ። በ1849 ዓ.ም. ስለ መንግሥት መሻሻልና ስለ ገባሮች ነጻነት በስውር ይነጋገሩ ከነበሩ ወጣቶች ጋር ተይዞ ስምንት ወር በምሽግ ውስጥ ታሰረ። ዲሴምበር 22 ቀን ጧት እስረኞቹን በአደባባይ አቁመው የሞት ፍርድ አነበቡባቸው። ቄስ መስቀል ይዞ ቀረበ፤ እነርሱም ተሳለሙ፤ ነጭ የመገነዣ ልብስም አለበሷቸው። የፊተኞቹ ሦስት ሰዎች ከግንድ ጋር ታስረው ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አነጣጠሩባቸው። ዶስቶየቭስኪ ከእነርሱ ቀጥሎ ተራው ከሚደርሳቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ስለ ነበረ፥ የቀረው ዕድሜ የጥቂት ደቂቃ ብቻ መሰለው። በዚያች ቅጽበት የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኒቆላዎስ ምሕረት ተነገረ። ምሕረቱ አስቀድሞ የተወሰነ፥ ሥነ ሥርዐቱም ለማስፈራራት የተዘጋጀ ነበር። ከታሰሩት ከሦስቱ አንዱ አእምሮውን ሳተ። ዶስቶየቭስኪ ግን በዚያው ቀን ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኗን ገና እንዳወቀ ሰው ሆኖ ደስታውን ገለጸ።

ይህን ያየውን ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ «ቂሉ ሰው» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። በዚያ ለሞት የቀረበው ሰው አምስት ደቂቃ ሲቀረው፥ ሁለቱን ለጓደኞቹ ስንብት፥ ሁለቱን ስለ ራሱ ለማሰብ፥ የቀረችውን አንዲቱን ዓለምን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ያካፍላል፤ ዓይኑንም ከፀሐይ የተነሣ ከሚያበራው ከቤተ ክርስቲያን ጕልላት ላይ ለመንቀል አይችልም። ቢተርፍ ኖሮ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደ አንድ ዘመን ቈጥሮ አንዲቱንም በከንቱ እንደማያጠፋ ያስባል። ደራሲው ግን በዚህ አላበቃም፤ ያ ሰው ከሞት ከተረፈ በኋላ ብዙ ደቂቃዎችን በከንቱ እንዳሳለፈ ጨምሮ ይነግረናል። ይህ ስለ ራሱም የተጻፈ ምስክርነት ይመስለናል፤ ዶስቶየቭስኪ እስከ 1871 ዓ.ም. ድረስ በቁማር ገንዘቡንና የቤተ ሰቡን ሰላም ሲያጠፋ ኖሯልና። እንግዲህ ዝክረ ሞት የንስሓ መጀመሪያ ቢሆንም፥ ጸሎትና ቅዱስ ቍርባን ካልተከተሉት የሞት ፍርሃት ብቻውን ሰውን እንደማይለውጠው ከዚህ እንማራለን።

ከዚያም አራት ዓመት በኦምስክ ወኅኒ ቤት በከባድ ሥራ ተቀጣ። ወደዚያ ሲወሰድ በቶቦልስክ ከተማ፥ ባሎቻቸውን ተከትለው ወደ ሳይቤርያ የተሰደዱ ሴቶች ቅዱስ ወንጌል ሰጡት፤ ይህም መጽሐፍ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ስለ ወኅኒው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሚካኤሎቭ የሚባል ወጣት እስረኛ በሆስፒታል ሲሞት ያሳየናል። ድኻው በጭንቁ ጊዜ ልብሱን ሁሉ ከላዩ ስለ ጣለ፥ በከሳው ሥጋው ላይ የቀሩት የአንገት መስቀሉና የእግር ብረቱ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻም መስቀሉ እንኳ ከበደው። ከሞተ በኋላ የመጣው የዘበኞች አለቃ ሬሳውን ከነእግር ብረቱ ባየ ጊዜ የራስ ቍሩን አውልቆ አማተበ። በአጠገቡ የቆመ አንድ ሽማግሌ እስረኛም ይህም ሰው እናት እንደ ነበረችው ተናገረ። ደራሲው በዚህ ስፍራ ስብከት አይጨምርም፤ ወንበዴም ቢሆን በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ መሆኑን በዚያ በአለቃው ማማተብ አሳየን። የማንንም ሬሳ በክብር ገንዞ መቅበር በእኛም ቤተ ክርስቲያን የጸና ሥርዐት የሆነው ስለዚሁ ነው።

በ1864 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሚስቱና የሚወደው ወንድሙ ሚካኤል በጥቂት ወራት ልዩነት ሞቱበት። የሚስቱ አስከሬን በቤት ውስጥ ተዘርግቶ ሳለ እንደ ገና ያያት እንደ ሆነ ራሱን እየጠየቀ ሐሳቡን በጽሑፍ አሰፈረ። ሰው ባልንጀራውን እንደ ራሱ ሊወድ ታዝዟል፤ ነገር ግን ራሱን መውደዱ ይከለክለዋል፤ ይህንም ፍጹም ያደረገ ክርስቶስ ብቻ ነው። ስለዚህ በምድር የማይፈጸመው ፍቅር የሚፈጸምበት የሚመጣ ሕይወት ሊኖር ይገባል ብሎ ደመደመ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በጻፈው «ወንጀልና ቅጣት» በተባለው መጽሐፍ፥ ነፍስ የገደለው ወጣት የአልዓዛርን ትንሣኤ ከወንጌል ሲነበብለት እናያለን። በዚያ መጽሐፍ እውነተኛው ሬሳ ገዳዩ ራሱ ነው፤ ከመቃብሩ የሚወጣውም ኀጢአቱን በተናዘዘ ጊዜ ነው።

በ1867 ዓ.ም. ከሁለተኛ ሚስቱ ከአና ጋር በስዊስ አገር ሲያልፍ፥ በባዝል ከተማ ሆልባይን የተባለው ሠዓሊ የሣለውን የጌታን በድን ሥዕል አየ። ሥዕሉ ቍስሉንና የሥጋውን መጥቈር ያለ ርኅራኄ ስለሚያሳይ፥ ደራሲው ደንግጦ ከፊቱ ቆመ፤ ሚስቱም የሚጥል በሽታው እንዳይነሣበት ፈርታ ከዚያ አራቀችው። በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሥዕል የሚመለከት ሰው እምነቱን ሊያጣ እንደሚችል አንዱን ገጸ ባሕርይ አናገረው። እኛም የምንለው ይህ ነው፤ ጌታችን በሥጋ በእውነት ሞተ፤ ነፍሱም ከሥጋው ተለየች። መለኮቱ ግን ከነፍሱም ከሥጋውም አልተለየም፤ ሥጋውም በመቃብር ሙስና አላገኘውም። ሠዓሊው የሞትን እውነተኛነት አሳየ፤ ምሥጢሩን ግን አላሳየም። ለክርስቲያን ሁለቱ ተለያይተው ሊታዩ አይገባም።

በ1868 ዓ.ም. የበኵር ልጁ ሶፍያ በሦስት ወሯ በጄኔቭ ሞተች። በ1878 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አሌክሲ ከአባቱ በወረሰው በሚጥል በሽታ በድንገት ተቀጠፈ። የዚህ ኀዘን ከሌላው ሁሉ የበረታ ነበር፤ የሞቱ ምክንያት የራሱ በሽታ መሆኑን አባቱ ያውቃልና። ስለዚህ ከወዳጁ ከፈላስፋው ከሶሎቭዮቭ ጋር ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ አባ አምብሮስዮስ ከሚባሉት አረጋዊ መነኩሴ ጋር ተነጋገረ። አና በኋላ በጻፈችው መታሰቢያ፥ አረጋዊው የሰጡት የማጽናኛ ቃል «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» በተባለው በመጨረሻው መጽሐፉ ውስጥ እንደ ገባ መስክራለች።

በዚያ መጽሐፍ ልጇ የሞተባት አንዲት የገጠር ሴት ወደ አባ ዞሲማ ትመጣለች። አረጋዊው በመጀመሪያ ሕፃናት በእግዚአብሔር ፊት ባለሟልነት እንዳላቸው ይነግሯታል፤ እርሷ ግን ባሏም ይህንኑ እንደ ነገራትና ልቧ እንዳልተጽናና ትመልሳለች። በዚህ ጊዜ አይገሥጿትም፤ እምነቷ ጐደለ አይሏትምም። ስለ ልጆቿ መጽናናትን እንዳልወደደችው እንደ ራሔል እንድታለቅስ ይፈቅዱላታል፤ ባለቀሰች ቍጥር ግን ልጇ ከመላእክት ጋር መሆኑን እንድታስብ፥ ልቅሶዋም በመጨረሻ ወደ ጸጥታ ደስታ እንደሚለወጥ ይነግሯታል። ከዚያም የሕፃኑን ስም ጠይቀው በጸሎት ሊያስቡት ቃል ይገቡላታል። ስሙም አሌክሲ ነው። ወደ ልቅሶ ቤት የምንሄድ ካህናት ይህን ልናስተውል ይገባናል። እውነተኛ ቃል ሁሉ በማናቸውም ሰዓት መድኀኒት አይሆንም፤ ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው ሳለ አስቀድሞ አለቀሰ።

አባ ዞሲማ ራሳቸው በሞቱ ጊዜ፥ ተአምር ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ ሥጋቸው ፈጥኖ በመሽተቱ ተሰናከለ፤ የሚጠሏቸውም ደስ አላቸው። ደቀ መዝሙሩ አሌክሲ ለጊዜው ቢታወክም፥ በአስከሬናቸው አጠገብ የቃና ዘገሊላ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ በሕልሙ አባቱን በሰርጉ ማዕድ አየ፤ ወጥቶም በምድር ላይ ወድቆ እያለቀሰ ሳማት፤ ጸንቶም ተነሣ። የቅዱሳንን ዐፅም የምናከብር እኛ ሥጋቸው ሳይፈርስ የቈየ አባቶች እንዳሉ እናምናለን። ነገር ግን ሥጋ ወደ ትቢያ መመለሱ የጽድቅ ማጣት ምልክት አይደለም። አልዓዛር የጌታ ወዳጅ ሲሆን በአራተኛው ቀን ሸትቶ ነበር።

መጽሐፉ የሚፈጸመው በአንድ ድኻ ሕፃን ቀብር ነው። ሕፃኑ ኢሉሻ ወፎች መጥተው ብቻውን እንዳይሆን በመቃብሩ ላይ እንጀራ እንዲበተንለት አባቱን ለምኖ ነበርና፥ አባቱ እያለቀሰ ይበትናል። ጓደኞቹም ስለ ትንሣኤ ተነጋግረው ወደ ተዝካሩ ማዕድ ይሄዳሉ፤ በኀዘን ቀን መብላት እንግዳ ለመሰለው ልጅም የቈየና መልካም ልማድ መሆኑ ይነገረዋል። ተዝካር ለምናወጣ ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም።

ዶስቶየቭስኪ በ1881 ዓ.ም. ጃንዋሪ 28 ቀን በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ከሳንባው ደም ፈስሶት ሞተ። አስቀድሞ ተናዝዞ ቅዱስ ቍርባን ተቀብሎ ነበር። በዚያ ቀን ጧት የሳይቤርያውን ወንጌል ራሱ ገልጦ ሚስቱ እንድታነብለት ጠየቀ፤ የተገለጠውም ዮሐንስ መጥምቅ ጌታን ለማጥመቅ ያመነታበት፥ ጌታም እንዳይከለክለው የነገረበት ስፍራ ነበር። ይህን ሰምቶ ሰዓቱ እንደ ደረሰ ለሚስቱ በጸጥታ ነገራት። እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኝቶት በፒተርስቡርግ በአሌክሳንደር ኔቭስኪ ገዳም ተቀበረ፤ በመቃብሩም ላይ ስለ ስንዴ ቅንጣት መሞትና ማፍራት የሚናገረው የዮሐንስ ወንጌል ቃል ተቀርጿል።

እኛ ይህን ደራሲ ከቅዱሳን ጋር አንቈጥረውም፤ ያደገባትም ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ የተለየች ናት። ነገር ግን ሞትን ሳያሳንስ፥ ኀዘንተኛውን ሳይንቅ፥ ተስፋውንም ሳይጥል ስለ ጻፈ ሥራው ይጠቅመናል። ወገኖቻችን ሲሞቱ እናልቅስ፤ ነገር ግን ስማቸውን በጸሎት እናስብ፤ ለቀሩት ድኾች እንራራ፤ እኛም ደቂቃዎቻችን ሳያልቁ ለንስሓ እንፍጠን። ሞትን በሞቱ ድል ለነሣው ክብር ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።