ስሙ በስቲፕ መንደር ድንጋይ ላይ የተጻፈው ባለቅኔ

በእንግሊዝ አገር የገጠር መንደሮችን እየተዘዋወረ የሚጐበኝ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም በመንገድ መጋጠሚያ ላይ የሟች ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሳያይ የሚያልፈው መንደር ጥቂት ነው። በ1914 ተጀምሮ በ1918 በተፈጸመው ጦርነት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከ700,000 በላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሞተዋል። ዘማቾቻቸው በሙሉ በሕይወት የተመለሱላቸው መንደሮች በእንግሊዝና በዌልስ ቢፈለጉ ሃምሳ ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

ድንጋዩ በየመንደሩ የቆመበት ምክንያት አለው። ከ1915 ጀምሮ የወደቀውን ወታደር አስከሬን ወደ አገሩ ማምጣት ተከልክሎ ነበር፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ክልከላው ጸና። የሀብታሙም ሆነ የድኻው ልጅ በወደቀበት አገር፣ አንድ ዓይነት በሆነ የራስጌ ድንጋይ ሥር እንዲያርፍ ተወሰነ። ለዚሁ ሥራ በ1917 የተቋቋመው ኮሚሲዮን እስከ ዛሬ አለ፤ በአዲስ አበባም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት ወታደሮች የሚጠብቀው መካነ መቃብር ይገኛል። እንግዲህ ልጅዋ በባዕድ አገር የተቀበረባት እናት፣ ቀርባ የምታለቅስበት ነገር በመንደርዋ የተጻፈው ስም ብቻ ነበር።

ስም ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሰውየው ማን እንደ ነበረ፣ ምን ትቶ እንደ ሄደ፣ ለምን እንደ ሄደ ድንጋዩ አይገልጽም። ስለዚህ ዛሬ በሃምፕሻየር አውራጃ በምትገኘው በስቲፕ መንደር ከተጻፉት ስሞች አንዱን መርጠን የባለቤቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ይኸውም የኤድዋርድ ቶማስ ስም ነው።

ኤድዋርድ ቶማስ መጋቢት 3 ቀን 1878 በሎንዶን ላምቤዝ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ የዌልስ ተወላጆች ሲሆኑ፣ እርሱ ከስድስት ወንዶች ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ በንግድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩና ልጃቸውም ፈተናውን አልፎ እንደ እርሳቸው ቋሚ ደመወዝ ያለው ሹመት እንዲይዝ አጥብቀው ይመኙ ነበር። ልጁ ግን እንቢ አለ። ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ስለ ዱርና ስለ አዕዋፍ የጻፈው መጽሐፍ ታትሞለት ነበርና በብዕሩ ለመኖር ቈረጠ። በኦክስፎርድ ታሪክ በሚማርበት ጊዜ፣ በ1899፣ ሔለን ኖብል የተባለችውን ወጣት አገባ፤ ትምህርቱን ሳይጨርስም የመጀመሪያ ልጁ ተወለደ። ኋላም ሁለት ሴቶች ልጆች ተጨመሩለት።

ከዚህ በኋላ ያለው አሥራ አምስት ዓመት የድካም ዘመን ነው። ለቤተ ሰቡ ቀለብ ሲል ለጋዜጣ የመጻሕፍት ሒስ ይጽፍ ነበር። የመረመራቸው መጻሕፍት ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ከአሳታሚዎች በትእዛዝ እየተቀበለም ስለ ገጠሩ፣ ስለ ጥንታዊ መንገዶችና ስለ ቀደሙት ደራስያን ብዙ መጻሕፍት በጥድፊያ ጻፈ። ሥራው እያደከመው፣ ኑሮውም እየከበደው ሄዶ በጽኑ የመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ጀመር፤ ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብም ደርሶ ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን በቁጣ ያስመርራቸው እንደ ነበረ ራሱ ያውቅ ነበርና ጸጸቱ ጭንቀቱን ያብስበት ነበር። ይህን የምንጽፈው ልናዋርደው አይደለም። በድንጋይ ላይ የተጻፉትን ሰዎች ሁሉ እንከን የሌላቸው አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ስለ ሆነ ነው።

ያም ሆኖ ለሌላው ደግ ነበር። እግሩ የተቈረጠ ዊልያም ዴቪስ የተባለ ድኻ ባለቅኔ ባገኘ ጊዜ፣ እርሱ ራሱ በችግር ላይ ሳለ፣ ትንሽ ጎጆ ተከራየለት፤ የእንጨት እግርም አሠራለት። ዴቪስ በኋላ የታወቀ ደራሲ ሆነ።

በ1906 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ስቲፕ መጣ። የመረጠበትም ምክንያት በዚያ ቢዴልስ የተባለ አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤት ስለ ነበረ ነው። በዚያ አካባቢ ያሉትን ኮረብቶች በእግሩ ያልረገጠው ቦታ አልነበረም።

የሕይወቱ ትልቅ ለውጥ የመጣው በጥቅምት 1913 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ይኖር ከነበረው ከአሜሪካዊው ሮበርት ፍሮስት ጋር ተዋወቀ። ሁለቱ በ1914 ክረምት ለብዙ ሰዓት እየተጓዙ ስለ ቅኔና ስለ ንግግር ዜማ ይከራከሩ ነበር። የቶማስን የስድ ንባብ መጽሐፍ ያነበበው ፍሮስት፣ ወዳጁ ሳያውቀው ባለቅኔ መሆኑን ነገረው፤ ያንኑ ሐሳብ በግጥም እንዲጽፈውም መከረው። በታኅሣሥ 1914፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ቶማስ የመጀመሪያውን ግጥም ጻፈ። ከዚያም እንደ ተከፈተ ምንጭ ሆነ፤ ከሁለት ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ140 በላይ ግጥሞችን ጻፈ። በሌላ ስም እየሸፈነ ለመጽሔቶች ቢልካቸውም፣ አዘጋጆቹ አብዛኞቹን መለሱለት።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት ዓመት ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ አስገዳጁ የውትድርና ሕግም ገና አልወጣም። ፍሮስት በየካቲት 1915 ወደ አሜሪካ ሲመለስ የቶማስን ወንድ ልጅ ይዞ ሄዷል፤ አባትዬውንም መጥቶ አጠገቡ እርሻ እንዲገዛ ይጠብቀዋል። ታዲያ ለምን ዘመተ? አንድ ቀን ሁለቱ ወዳጆች በጫካ ሲጓዙ ጠመንጃ የያዘ የአደን ጠባቂ አስፈራርቷቸው ፍሮስት ሲጋፈጠው ቶማስ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። ይህ ነገር እንደ እሾኽ ልቡ ውስጥ ቀረ። ፍሮስት ደግሞ ይህ ወዳጁ አንዱን መንገድ ይዞ ሲሄድ ስለ ሌላው ሲቈጭ እያየ ይስቅበት ስለ ነበር፣ በ1915 «ያልተሄደበት መንገድ» የሚባለውን ዝነኛ ግጥም ጻፈ፤ ለእርሱም ላከለት። ፍሮስት ለቀልድ ያሰበውን ቶማስ ከልቡ ተቀበለው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ለውትድርና ያነሣሣው ይህ ግጥም ነው ይላሉ። እኛ ግን አንድ ግጥም ብቻውን የሦስት ልጆች አባት ወደ ጦር ሜዳ ይሰዳል ብለን ለማመን ይቸግረናል። በጠላት ላይ ጥላቻን የሚሰብኩትን ጋዜጦችም አይወድም ነበር። ወዳጁ ኤለኖር ፋርጀን ስለ ምን እንደሚዋጋ በጠየቀችው ጊዜ፣ ጐንበስ ብሎ ከመሬቱ ጥቂት አፈር ቈነጠረና ስለዚህ እንደ ሆነ አሳያት። ከሁሉ ይልቅ የምናምነው ይህን መልስ ነው።

በሐምሌ 1915 በተራ ወታደርነት ተመዘገበ። መንገድና ኮረብታ ማወቁ እዚህ ጠቀመውና ለወጣት ወታደሮች የካርታ ንባብ አስተማሪ ሆነ፤ የአሥር አለቃ ማዕርግም አገኘ። በዚያው ቢቀመጥ ማንም የሚነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን ወደ መድፈኛ ክፍል ተዛውሮ በኅዳር 1916 ምክትል መቶ አለቃ ከሆነ በኋላ፣ ወደ ፈረንሳይ ለመሄድ በፈቃዱ ጠየቀ። በጥር 1917 ሔለንን ተሰናብቶ ሲወጣ አገሩ በበረዶና በጉም ተሸፍኖ ነበር። እርስዋ በደጅ ቆማ፣ እርሱ ቁልቁል እየወረደ፣ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ እየተጣሩ ተለያዩ።

በፈረንሳይ የቈየው አሥር ሳምንት ያህል ነው። በትንሣኤ እሑድ አንድ የጠላት መድፍ ጥይት አጠገቡ ወድቆ ሳይፈነዳ ቀረ፤ ባልደረቦቹም በዕድሉ ተደነቁ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1917፣ የአራስ ውጊያ በተጀመረበት ጧት፣ ከመድፍ መመልከቻው ሥፍራ ሳለ ተመትቶ ሞተ። ለሔለን የተነገራት የጥይቱ ንፋስ ልቡን እንዳቆመውና በአካሉ ላይ ቁስል እንዳልነበረ ነው፤ ብዙ ሰዎችም እንዲሁ ሲጽፉ ኖረዋል። አዛዡ ከዓመታት በኋላ የጻፉት ደብዳቤ ሲገኝ ግን ጥይቱ ደረቱን እንደ በሳው ታወቀ። ኀዘንተኛዋን ለማጽናናት የተባለ ይመስለናል። የተቀበረው አኚ በሚባለው መንደር ነው። በስሙ የታተመውን የግጥም መጽሐፍ ሳያይ ሞተ።

ስሙ በስቲፕ ከተጻፈ በኋላ በ1937 ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ሌላ ድንጋይ ተተከለለት፤ በ1985ም ከሌሎች የጦርነቱ ባለቅኔዎች ጋር ስሙ በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀረጸ።

ሔለን ሐምሳ ዓመት ቈይታ በ1967 አረፈች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያው ጦርነት ተመልሶ አእምሮው የታወከበትንና ዳርትፎርድ በሚገኝ ሆስፒታል የነበረውን ባለቅኔ አይቮር ገርኒን ትጠይቀው ነበር። ገርኒ የቶማስን ግጥሞች እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ቶማስ ሲጓዝ ይይዘው የነበረውን፣ ገርኒ የተወለደበትን የግሎስተርሻየርን ካርታ ይዛለት ሄደች። በአልጋው ላይ ዘርግተውት፣ በሽተኛው በልጅነቱ የተመላለሰባቸውን መንገዶች በጣቱ እየተከተለ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ አብረው ተጓዙ።