ጅግጅጋን በፕላን ያቀኑ ገበሬ

በከተማችን በጅግጅጋ ስንመላለስ፣ የመካከለኛው ከተማ መንገዶች ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው መተላለፋቸውን ልብ የምንል ስንቶቻችን ነን? እኔ በበኩሌ እስከ ዓምና ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። የታሪክ መምህራችን የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ስም ባነሡልን ጊዜ ግን፣ ስለ እኒህ ሰው ጠይቄ ለመረዳት ተነሣሁ። ያገኘሁትንም ከዚህ በታች በአጭሩ አቀርባለሁ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሰያ ደብር በተባለው አገር ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሲሆን ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየቭ ከሚባለው ሩስያዊ ጋር ወደ ሩስያ ተሻግረው በዚያ አደጉ፤ በፒተርስቡርግም የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው መኰንን ሆኑ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያዩትን ሥልጣኔ ለወገናቸው ለማካፈል ይቸኩሉ ነበር። ፋቡላ የተባለውን፣ በአገራችን የመጀመሪያው ነው የሚባለውን ዘመናዊ ቴአትር ጻፉ። ጽሑፉ በአውሬዎች ምሳሌነት የመንግሥትን ሥራ የሚተች ስለ ነበር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ።

በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅግጅጋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጅግጅጋ ቀድሞም ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ነጋድያን ግመሎቻቸውን የሚያሳርፉባት ሥፍራ ነበረች፤ የሶማሌ ከብት አርቢዎችም መስኩን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። እርሳቸው ግን መንገዶችን በቀጥታ መሥመር አስወጥተው በፕላን የተሠራች ከተማ አደረጓት። ከዚያም ቸርቸርን በገዙ ጊዜ የአሰበ ተፈሪን ከተማ፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፣ አቀኑ፤ አውራጃውም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን ደከሙ።

ከዚህም በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ ልትወረን በተነሣች ጊዜ፣ በ1927 እና በ1928 ዓ.ም.፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ማኅበሩ ግን አላዳነንም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ራሳቸውም በኋላ ተሰድደው በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመት ኖሩ።

እኔን እጅግ የነካኝ የሕይወታቸው ፍጻሜ ነው። ከስደት ሲመለሱ ሹመት ለመፈለግ በአዲስ አበባ አልተቀመጡም። በቸርቸር፣ ሂርና በተባለው ሥፍራ እርሻ ይዘው ገበሬ ሆኑ። መድፍ የተማረው፣ ሕግ ያረቀቀው፣ በዓለም መንግሥታት ፊት የተናገረው እጅ ወደ አፈር ተመለሰ። በ1969 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ዐረፉ። የሕይወት ታሪካቸውም ከሞቱ በኋላ ታትሟል።

ይህን ለምን እንደምጽፍ አሁን ልንገራችሁ። አያቴ በቀብሪ በያህ በኩል ማሽላ የሚዘሩና ከብት የሚያረቡ ሰው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ዝናቡ ደጋግሞ ስለ ቀረ፣ ከዐሥራ አራት ከብቶቻቸው ሦስት ብቻ ተረፉ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ የሚመክረኝ አንድ ምክር ነው፤ ሰማይን አንጋጥጠህ የምትኖርበትን ሥራ አትምረጥ ይለኛል። እኔ ደግሞ ዘንድሮ ፈተናዬን ካለፍሁ የእርሻ ትምህርት መማር እፈልጋለሁ። በዚህም ምክንያት በቤታችን ብዙ ምሽት ፊታችንን አዙረን ተኝተናል።

አባቴ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም፤ የሞቱትን ከብቶች በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን በመስከረም 2008 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሰብስበው 17 ግቦች ሲያጸድቁ፣ ሁለተኛው ረኃብን ማጥፋት ነበር። የዛሬው ትውልድ ጠግቦ የነገው እንዳይራብ ከተፈለገ፣ መሬቱ ሳይሟጠጥ የሚያበላበትን ዘዴ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የጅግጅጋ ሜዳ ስንዴና በቆሎ ያበቅላል፤ ጎርፍ አፈሩን ሲወስደው፣ ለከሰል ሲባል ግራሩ ሲቆረጥ ግን እንኳን እህል ሣርም አይበቅልበት። በቸርቸርም የታወቀውን ቡና በብዙ ሥፍራ ጫት እየተካው ነው። የዝናብን ውኃ በብርካ ማጠራቀም፣ ድርቅ የሚችል ዘር መምረጥ፣ ግጦሽን በተራ ማሳረፍ፣ ይህ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነው። ለዚህም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የራሳችን የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደሉም።

የበጅሮንድን ታሪክ ለአባቴ አንድ ማታ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ እንጂ እሺም እንቢም አላለም። በማግሥቱ ግን ስንት ዓመት ያህል በሂርና እንዳረሱና ዝናብ ሲቀር ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቀኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓርብ በመኪናው ሲሚንቶ ጭኖ፣ የአያቴን የተሰነጠቀ ብርካ እንድንጠግን ወሰደኝ። ሦስታችንም ቀኑን ሙሉ ሠራን።

ጓደኞቼ ሆይ! ታላላቅ ሰዎችን የምናከብረው በሹመታቸው ብቻ ከሆነ ግማሹን ታሪካቸውን አላነበብንም። ሕገ መንግሥቱ በሌላ ተተክቷል፤ የመንግሥታት ማኅበርም ፈርሷል። በጅግጅጋ ያስወጧቸው መንገዶች ግን ዛሬም ይኬድባቸዋል፤ መሬትም ለሚያርሳት ሁሉ ትምህርቷን አልጨረሰችም። እኔ ዝናቡን ማዘዝ አልችልም፤ የወረደውን ግን እንዳይባክን መያዝ እማራለሁ።