ስሙ በድንጋይ ላይ የቀረ ሰው

ጋናይት ስለሚባል ማዕድን ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? ጋናይት ስፒኔል ከሚባሉት ማዕድናት ወገን የሚመደብና እምብዛም የማይገኝ ድንጋይ ነው። መልኩ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ፣ ቅርጹም ስምንት ገጽ ያለው ነው። ጥንካሬው መስተዋትን ለመጫር ይበቃል። የተሠራው ከዚንክ፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክሲጂን ሲሆን፣ ከክብደቱ ከሢሶ የሚበልጠው ዚንክ ነው። ስሙን ያገኘው ግን ከባሕርዩ ሳይሆን ከአንድ ሰው ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ቀጥሎ ታነባላችሁ።

ዮሐን ጎትሊብ ጋን እ.ኤ.አ. በ1745 በስዊድን አገር ተወለደ። አባቱ ቀደም ብሎ ስለ ሞተበት በወጣትነቱ ከማዕድን ቆፋሪዎች ጋር እየሠራ ለመኖር ተገደደ። ይህ ችግር ለኋላ ሕይወቱ ትምህርት ቤት ሆነለት። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ከስመ ጥሩው የኬሚስትሪ ሊቅ ከቶርበርን ቤሪማን ዘንድ በተማረ ጊዜ የመጽሐፉን ዕውቀት ከእጅ ሙያው ጋር አዋሐደው።

በዚያን ዘመን ጥቁሩ የማንጋኒዝ ድንጋይ ሊቃውንትን ያስቸግር ነበር። የጋን ወዳጅ ካርል ሼሌ ድንጋዩን መርምሮ በውስጡ አዲስ ንጥረ ነገር እንዳለ ተረዳ፤ ነገር ግን ብረታ ብረቱን ለይቶ ማውጣት አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በ1774 ጋን ድንጋዩን ከከሰል ዱቄት ጋር በኃይለኛ እሳት አጋለው። ከሰሉ ኦክሲጂኑን ወሰደ፤ ማንጋኒዝም ብቻውን ቀረ። ዛሬ አረብ ብረት የሚጠነክርበት ማንጋኒዝ በዚህ ዓይነት ተለየ።

ጋን ከዚያ በኋላ ዘመኑን በፋሉን የመዳብ ማዕድን ማውጫ አሳለፈ፤ የመዳቡንም አቀላለጥ አሻሻለ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚወደው በአፍ እየተነፋ ነበልባልን በማዕድን ቅንጣት ላይ የሚያነጣጥረውን ቀጭን ቱቦ ነበር። በዚህ ቱቦ ከተቃጠለ ወረቀት ዐመድ ውስጥ በዓይን የሚታይ የመዳብ ቅንጣት እስከ ማውጣት ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጋን ብዙ ሠራ፤ ጥቂት ጻፈ። በእንስሳት አጥንት ውስጥ ፎስፎረስ መኖሩን ያገኘው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን በጽሑፍ ያወጣው ሼሌ ስለ ነበረ፣ ግኝቱ ለብዙ ጊዜ በሼሌ ስም ሲነገር ኖረ። የቱቦው ጥበብም ከእርሱ ጋር ሊቀበር ተቃርቦ ነበር። ይሁን እንጂ በሽምግልናው ዘመን ያቆብ ቤርሴሊዩስ የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ ከጎኑ ሆኖ ጥበቡን ቀሰመ። ጋን እ.ኤ.አ. በ1818 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላም ቤርሴሊዩስ ከጋን የተማረውን በመጽሐፍ አሳትሞ ለትውልድ አስተላለፈው።

በፋሉን ለተገኘው ማዕድን ጋናይት የሚለው ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1807፣ ጋን በሕይወት ሳለ ነበር። የፋሉን ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራውን አቆመ፤ የድንጋዩ ስም ግን አልተለወጠም። እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ በእጃችሁ የሠራችሁትንና በዓይናችሁ ያያችሁትን መጻፍን አትናቁ። ለጋን ቤርሴሊዩስ ተገኘለት፤ ለሁሉ ሰው ግን እንዲህ ያለ ተማሪ አይገኝለትም።