ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

እዚህ ፋሲሎ እንግሊዝኛ ከበደን ስንል እኔ የማስበው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነው።

በ1857 ዓ.ም. በጐንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ ከወላጆቻቸው ጠፍተው ተገኙ፤ መኰንኖቹም ወደ ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው። ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። እንግሊዝኛን ከፊደሉ ጀምረው በላሆር ሕክምና እስከ መማር ደረሱ፤ አማርኛው ግን ከአፋቸው ጠፋ።

ከዓድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ አያታቸው በገላቸው ጠባሳ ለዩአቸው። ጨዋታው ግን በአስተርጓሚ ነበር! ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው የእናታቸውን ቋንቋ እንደ ጀማሪ ተማሩ፤ ይህስ ከእኛ ሰዋስው ሳይብስ አይቀርም።

በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በዚያው በእንግሊዝኛቸው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።