ራሱን በደብተር የመረመረው አታሚ



የሌላውን ሰው ጉድለት ማየት ቀላል ነው፤ የራስን ማየት ግን ያስቸግራል። በተለይም የክፍል አለቃ፣ የቡድን መሪ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ ስትሆኑ ስሕተታችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ ዛሬ የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሕይወት እናቀርብላችኋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንክሊን በ1706 በሰሜን አሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር። ትምህርቱን በ10 ዓመቱ አቋረጠ። በ12 ዓመቱ ሙያ ሊማር ወንድሙ ማተሚያ ቤት ገባ። ከወንድሙ ጋር ስላልተስማማ በ17 ዓመቱ ጠፍቶ፣ ዘመድ ወደሌለበት ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። እዚያ ሠርቶ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። በ1727 የውይይት ማኅበር፣ በ1731 ደግሞ ቤተ መጻሕፍት መሠረተ።

በወጣትነቱ ራሱን ለማረም 12 መልካም ጠባዮችን መረጠ፦ ትጋት፣ ቅንነት፣ ፍትሕና ሌሎችም። አንድ የኩዌከር እምነት ተከታይ ወዳጁ ግን ሰዎች ትዕቢተኛ እንደሚሉት፣ በክርክርም ሌላውን እንደሚጫን በምሳሌ አስረዳው። ፍራንክሊን ነቀፌታውን ተቀብሎ ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ።

ከዚያ በትንሽ ደብተር ለእያንዳንዱ ጠባይ አንድ ገጽ መደበ፤ በየገጹም ለ7ቱ ቀናት ዓምድ አሰመረ። ቀኑን እየመረመረ ባጠፋበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። ነጥቦቹ ከገመተው በላይ በዙ። ትዕቢቱን ፈጽሞ እንዳላሸነፈም ራሱ ጽፏል። ሆኖም በእርግጥ፣ ያለ ጥርጥር ማለትን ትቶ እንደሚመስለኝ ማለትን ለመደ፤ በስብሰባም ይበልጥ ተሰሚነት አገኘ።

ደብተሩ ግን ሁሉን አላሳየውም። ፍትሕን በገጹ ላይ ጽፎ ሳለ በቤቱ ባሮች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በ1763 በፊላደልፊያ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ቤት ጎበኘ። ልጆቹ ከነጮቹ እኩል ሲማሩ አይቶ ስለ ጥቁሮች የነበረውን አስተያየት ለወጠ። እንዲህም ሆኖ በተግባር ብዙ ዓመት ዘገየ። በ1787 የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790 መጀመሪያም ባርነት እንዲቀር ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን ማመልከቻ ፈረመ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ በ84 ዓመቱ ሞተ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ደብተር የሚይዘው እናንተ ያያችሁትን ብቻ ነው። ያላያችሁትን ወዳጅ ይነግራችኋል፤ ከሁሉም በላይ በሥራችሁ የሚጎዳው ሰው ያውቀዋል። በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ አስምሩ፤ ማታ ማታም ቀናችሁን መርምሩ። ከዚያ አንድ እውነተኛ ጓደኛችሁን፣ አለቃም ከሆናችሁ ከምታዟቸው መካከል ዝም የሚለውን ጠይቁ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ ሲመልሱላችሁም ሳትቆጡ አዳምጧቸው።