የሰማይን ሒሳብ ያልተዉት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ

በሐዋሳ መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ በስልካቸው የጠፈር በረራ ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች አይጠፉም። በብዙዎቹ ጌሞች ፕላኔቶቹ የሚንቀሳቀሱት በስሌት ነው፤ ጊዜው ይሰጣል፣ ፕላኔቷ በዚያ ቅጽበት የት እንደምትሆን ይሰላል። ይህ ስሌት ከኮምፒውተር በፊት «ዚጅ» በሚባል ሰንጠረዥ በእጅ ይሠራ ነበር። የፕላኔቷ አማካይ የዕለት ጉዞ በቀናቱ ብዛት ይባዛል፤ አንዴ ስለምትፈጥን አንዴ ስለምትዘገይ ደግሞ ማስተካከያ ይደመራል ወይም ይቀነሳል።

በዚህ የፈለክ ዕውቀት ስማቸው ከተነሳ ዑለማዎች አንዱ ዘራቸው ከሐበሻ የሚመዘዘው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው። በ1110 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1698) ካይሮ ውስጥ ተወለዱ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በዘይላዕ በኩል ካለው የጀበርት ምድር የሄዱ ሲሆኑ፣ በአል-አዝሀር የጀበርት ተማሪዎችን ሪዋቅ ይመሩ ነበር። ሸይኽ ሐሰን በሐነፊ ፊቅሕ ከበሰሉ በኋላ ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪንና ፈለክን ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1748 ገደማ የኦቶማኑ ገዥ አሕመድ ፓሻ ግብጽ ገቡ። ሒሳብ ወዳድ ስለነበሩ የአል-አዝሀርን ዑለማዎች ስለዚሁ ጠየቁ፤ ዑለማዎቹ ግን ትምህርቱን እንደተዉት ነገሯቸው። ገዥው በጣም አዘኑ። የአል-አዝሀሩ መሪ ሸይኽ ዐብደላህ አሽ-ሸብራዊ ያን ጊዜ ወደ ሸይኽ ሐሰን መሯቸው፤ ፓሻውም ከእሳቸው ዘንድ ተቀምጠው ተማሩ።

ዕውቀታቸው ለሕዝብም ደርሷል። የሶላት ወቅት በጥላ የሚለይባቸውን የፀሐይ ሰዓቶች በእብነ በረድ ላይ ቀርጸዋል፤ አንዱ በአል-አዝሀር ቆሟል። በ1172 ሂጅራ የካይሮ ሚዛኖች መዛባታቸው ሲታወቅ፣ ባለሙያዎችን ሰብስበው አስተካክለዋል። ለገዢም ለሻጭም ፍትሕ ነበር።

በ1188 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1774) ወደ አኼራ ሄዱ። ታሪካቸውን የጻፈልን ልጃቸው፣ ታዋቂው የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ነው።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ የሚሸከመው ሰው ከተገኘ ከሌላው ይወርዳል፣ ካልተገኘ ግን ሁሉም ተጠያቂ ነው። በዚያ ትልቅ ተቋም ጥያቄው ሲነሳ ሸክሙን ይዘው የተገኙት እኚህ የጀበርት ልጅ ነበሩ። ዛሬ በጌሙ ውስጥ የፕላኔት ጉዞ የሚማርከው ልጅ ስሌቱን የሚያስተምረው ካገኘ፣ ነገ ለኡማው የሚተርፍ ዓሊም ሊወጣው ይችላል። አላህ ለሸይኽ ሐሰን ይዘንላቸው።