ንጉሥ ሚካኤልና የወሎ ፈረሰኞች

በቦረና ደጋ ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከፊደል አስቀድሞ የሚማረው አንድ ትምህርት አለ፤ እርሱም ፈረስ ግልቢያ ነው። ይህ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ የለውም፤ ደወልም አይደወልለትም። መምህሩ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው፤ የትምህርቱም ክፍል ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ ወደ ለጋምቦ የሚወስደው ደጋ ነው። እነሆ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ በዚያ በጥንቱ የሜዳ ትምህርት ቤት ኃይል ከፍ ከፍ ያሉትንና በመጨረሻም ከነፈረሰኞቻቸው የወደቁትን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ለአንባቢ በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። እኚህም ሰው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ በወረ ሂመኖ ሥልጣን ከነበረው ከማመዶች ቤት የተወለዱ ሲሆን፥ በፈረስ ስማቸው አባ ቡላ ይባሉ ነበር። ልጃቸው ደግሞ አባ ሻንቆ ተባሉ። በዚያን ዘመን የጦር ሰው ከእናት ከአባቱ ካገኘው ስም ይልቅ በፈረሱ ስም መጠራት ክብሩ ነበር። ዓፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸውን ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ሰው በፈረሱ ስም እስኪጠራ ድረስ ከፈረሱ ጋር አንድ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ፈረሰኛ እንዴት ይሠለጥን ነበር? ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ግልቢያ የሚያስተምር አሠልጣኝ ገንዘብ እየተከፈለው ያስተምራል። በአገራችን በገጠር ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ፈረስ ውኃ ለማጠጣት በመውረድ ነው። ሕፃኑ ጋማውን ጨብጦ ያለ ኮርቻ ይወጣል፤ ይወድቃል፤ አቧራውን አራግፎ እንደ ገና ይወጣል። በጉልበቱ ይዞ ሚዛኑን መጠበቅ ሲችል ኮርቻ ይጫንለታል። እርካቡ እንደ ፈረንጆቹ መላውን እግር የሚያስገባ ሳይሆን የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ ነበር። ስለዚህ ጋላቢው ተማምኖ የሚቀመጠው በእርካቡ ሳይሆን በራሱ ሚዛን ነው። ልጓሙም አፍ የሚጐዳ ብርቱ ብረት በመሆኑ፥ ዛቡን በለዘበ እጅ መያዝ ያልተማረ ጋላቢ የፈረሱን አፍ ያደማል፤ ፈረሱም አይታዘዝለትም።

ከዚህ በኋላ ፈረስ ጉግስ ይመጣል። በጥምቀትና በሠርግ ለሚያይ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የጦር ትምህርት ነበር። አንዱ ወገን ይሸሻል፥ ሌላው እያሳደደ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ጀርባውን በጋሻው ይከላከላል። ጥቂት ቆይቶ ተሳዳጁ ዞሮ አሳዳጅ ይሆናል። እንግዲህ በግልቢያ ላይ መወርወርን፥ ጀርባን መጠበቅን፥ የሚሮጠውንም ፈረስ በድንገት ገትቶ መመለስን ልጁ በጨዋታ እየተማረ ያድጋል። የወሎ ገዦች ይህን የመሰለ ሠራዊት ያገኙ የነበረው ከየመንደሩ ነው። መሐመድ ዓሊም የእነዚህ ፈረሰኞች አለቃ ሆኑ።

በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የወሎ መኳንንት ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆኑላቸው፤ የራስነትንም ማዕርግ ሰጧቸው። ይህ ትእዛዝ በወሎ እስላሞች ላይ ብዙ መከራ ማምጣቱን መሸሸግ አይገባም፤ በየስፍራው ዐመፅ ተነሥቷል፥ ደምም ፈስሷል። ራስ ሚካኤል ከዓፄ ዮሐንስ ሞት በኋላ ለዓፄ ምኒልክ ገቡ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋንም አገቡ።

የወሎ ፈረሰኛ ስሙ ከአገር ወጥቶ በዓለም የተሰማው በ1888 ዓ.ም. ነው። በውጫሌ ውል ጠንቅ ከኢጣልያ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ዓፄ ምኒልክ ሠራዊታቸውን በወረኢሉ እንዲከት አዘዙ። ከዚያም ጉዞ ወደ ሰሜን ሆነ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ውጊያው ሲጀመር የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ከሌላው የኢጣልያ ሠራዊት ርቆ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ነበር። የሌሎቹ የጄኔራል አልቤርቶኔና የጄኔራል አሪሞንዲ ጦሮች ከተሰበሩ በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት በዚሁ ጦር ላይ ተመለሰ፤ የራስ ሚካኤልም ፈረሰኞች ወረዱበት። ዳቦርሚዳም በዚያው ሞተ። የተሸነፈው ጦር ሲሸሽ ፈረሰኛው እየተከተለ አሳደደው። በልጅነቱ በሠርግ ሜዳ ማሳደድን የተማረው ጐልማሳ በዚያ ቀን ትምህርቱን ለአገሩ ነጻነት አዋለው።

ከዓድዋ በኋላ የራስ ሚካኤል ክብር እየጨመረ ሄደ። በተንታና በደሴ ተቀምጠው ወሎን አስተዳደሩ። በደሴም አይጠየፍ የተባለውን ትልቅ የግብር አዳራሽ አሠሩ፤ ስሙም ማንንም ሰው ሳይንቅ የሚቀበል ማለት ነው። በ1887 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋረጋ የወለዱት ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. የዓፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ መሆኑ በዐዋጅ ተነገረ። ዓፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥልጣኑ ለልጅ ኢያሱ ሆነ፤ አባትየውም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ንጉሥ ተብለው በደሴ ዘውድ ጫኑ።

ነገር ግን ልጅ ኢያሱ ከሸዋ መኳንንት ጋር አልተስማሙም። እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ክስ ቀርቦባቸው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ንጉሥ ሚካኤል ይህን ሲሰሙ ስለ ልጃቸው የወሎን ጦር ጠርተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። መጀመሪያ ቶራ መስክ በተባለው ስፍራ ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ግን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሰገሌ ከዋናው የሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። የሸዋውን ጦር ከሚመሩት አንዱ እንደ እርሳቸው ሁሉ በዓድዋ የተዋጉት አባ መላ የሚባሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ።

ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተሰለፉ ሰዎች በዚያ ቀን እርስ በርሳቸው ተላለቁ። መድፍና መትረየስ በሚጮኽበት ሜዳ የፈረሰኛው ጀግንነትና የጉግስ ብልሃት አላዳነም። ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ዕድሜያቸውን በኮርቻ ላይ ያሳለፉት ሽማግሌ በአዲስ አበባ በተደረገው የድል ሰልፍ በሰንሰለት ታስረው፥ በእግራቸው እየሄዱ በሕዝብ ፊት አለፉ። ከዚያም በግዞት እንደ ተቀመጡ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ ዐረፉ።

ዘራቸውና ስማቸው ግን አልጠፋም። የልጃቸው የወይዘሮ ስሂን ልጅ እቴጌ መነን የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት ሆኑ። በደሴም በወይዘሮ ስሂን ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ብዙ የወሎ ልጆች ተምረውበታል። በጦር ሜዳ የተወሰደው ክብር በትምህርት ቤት ደጃፍ መመለሱን ሳስብ ዘወትር ይደንቀኛል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲሉ አባቶቻችን ይተርታሉ። የወሎን ፈረሰኛ ዓድዋ ያደረሰው ግልቢያ ሰገሌም አድርሶታል። ኮርቻው ያው ነበር፥ የጋላቢው ብልሃትም ያው ነበር፤ የተለየው የተሄደበት ጉዳይ ነው። አንዱ የአገር ነጻነት፥ ሌላው የዘውድ ጠብ ሆነ። ልጁን ግልቢያ ያስተማረው አባት ልጁ በማን ላይ እንደሚጋልብ አያውቅም፤ ይህን የሚወስነው ጋላቢው ራሱ ነው። ስለ ልጃቸው በዘመቱት በንጉሥ ሚካኤል ላይ ለመፍረድ አልደፍርም፤ የትኛው አባት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ነገር ግን ያን ቀን ስንት ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን እንዳጡ ልንዘነጋ አይገባንም።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። መምህሮቻችን ደክመው ያስተማሩን ዕውቀት እንደዚያ ፈረስ ነው፤ ሩቅ ያደርሰናል፥ ወዴት እንደምንሄድ ግን አይመርጥልንም። የከተማችን ስም መካነ ሰላም ነው፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከዚህ ስፍራ የወጣን ልጆች ልጓማችንን በለዘበ እጅ ይዘን፥ ወንድማችንን ለማሳደድ ሳይሆን አገራችንን ለማገልገል እንድንጋልብ እግዚአብሔር ይርዳን።